ኮምፒዩተሩ እስኪመጣ ምን እናስተምር?

ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ መንደሬ በሄድሁ ጊዜ አንድ ነገር አጋጠመኝ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከአሳቤ ስላልወጣ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላካፍለው ወደድሁ።

አንዲት ጎረቤታችን ሁለት በጎች ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በስልካቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። እኒህ እናት ፊደል አልቈጠሩም። ስለዚህ የስልኩ ጸሐፊም፣ ሒሳብ ያዡም፣ መልእክት አንባቢውም የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አንድ ትሑት የሚመስል ሰው፣ «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ አሁን በመልእክት የሚደርስዎን ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው። እናቲቱም ስልኩን ለልጁ ሰጡት። ልጁ ሲያዙት እሺ ባይ ነውና የመጣውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበለት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ የበጎቹ ዋጋ ጠፋ።

እኔን ያስደነቀኝ ሌባው አይደለም፤ ሌባ በየዘመኑ አለ። ያስደነቀኝ ልጁ ነው። ደብተሩን አምጥቶ ቢያሳየኝ በኮምፒዩተር ትምህርት ከመቶ 92 አግኝቷል። ስለ ማስገቢያ መሣሪያና ስለ ማውጫ መሣሪያ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፏል፤ የማውዝና የኪቦርድ ሥዕልም በእርሳስ ሥሏል። «ማውዝ ነክተህ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ክፍሉ ይቈለፋል፤ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነው» አለኝ። እናቱ ግን አልተቈጡትም። «ምን ያድርግ፣ አልተነገረው» አሉ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቱን ስልክ አልነካም ማለቱን ሰማሁ።

«አልተነገረው» የምትለው የእኒህ እናት ቃል የትምህርታችንን ጉድለት ጠቅልላ የያዘች ይመስለኛል። ልጁ ዘጠና ሁለት ነጥብ ያገኘበት ትምህርት ሳለ፣ ለእናቱ ቤት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ግን አልተነገረውም።

በአገራችን የትምህርቱ አደረጃጀት በቅርብ ዓመታት ተለውጦ 6 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። አዲስ ነው ይባል እንጂ አባቶቻችንም የተማሩት በዚሁ አከፋፈል ነበር። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ 8ቱን ዓመታት በሙሉ የመጀመሪያ ደረጃ አድርጓቸው ከቈየ በኋላ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል እነሆ እንደገና ለብቻቸው ቆሙ። እነዚህ ሁለት ዓመታት ቀላል ዓመታት አይደሉም። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ የነገሩትን ሁሉ የሚያምንበትን ዕድሜ አልፎ «ለምን?» ማለት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ደግሞም ከ8ኛ ክፍል በላይ ሳይሄድ የሚቀረው የገጠር ልጅ ብዙ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተነገረውን ነገር ከዚያ በኋላ የሚነግረው አስተማሪ የለም።

ከዚህም ሌላ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት ውስጥ የቤተ ሰቡ አንባቢ ይኸው ልጅ ነው። በግንቦት 2013 ዓ. ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የከተማ ሰው ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አባት የሚሸጠውን እህል፣ እናት የምትቀበለውን የልጇን መደጎሚያ የሚቈጥረው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስለዚህ አንድን ልጅ ያስተማረ አንድ ቤት አስተማረ፤ አንድን ልጅ ሳያስተምር የተወም አንድ ቤት ለሌባ ተወ።

ታዲያ ምን ስናደርግ ቈየን? ስለ ቴክኖሎጂ ትምህርት ሲታሰብ በአገራችን ሁልጊዜ የሚቀድመው ዕቃው ነው። በ1997 ዓ. ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ነበር። ዳሩ ግን በእንግሊዝኛ የሚናገረው መስኮት ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ይገሠግሣል፤ አስተማሪው በመጀመሪያና በመጨረሻ በቀሩለት ጥቂት ደቂቃዎች የተጣደፈ ማብራሪያ ይሰጣል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ከታላላቆቻችን መካከል በዚያ ያለፉት ይህን በምሬት ይናገራሉ።

በ2004 ዓ. ም. ደግሞ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ፣ በታሸገ ሣጥን አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አንዱ ሕፃን በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው ብሎ በአሜሪካ ጉባኤ ላይ ተናገረ። እኔ የሕፃናቱን ብልኀት ከቶ አልጠራጠርም። ነገር ግን ማብሪያውን ማግኘት ሌላ፣ የበራው ነገር የሚናገረውን መመርመር ሌላ ነው። የጎረቤታችን ልጅም ማብሪያውን አሳምሮ ያውቃል።

በሐምሌ 2016 ዓ. ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሚመሰገን አሳብ ነው። ሆኖም ሥልጠናው የሚሰጠው በኢንተርኔት በመሆኑ የሚያገኘው መሣሪያና መሥመር ያለውን ሰው ነው። ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ለቀረበት ልጅ አይደርሰውም።

እንግዲህ የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው የዕቃውን ስም ሳይሆን መረጃን መመርመር ነው። ይህም ኮምፒዩተር እስኪመጣ ሳይጠበቅ በጠመኔና በሰሌዳ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ኮምፒዩተሩ አይምጣ ማለቴ አይደለም፤ ይምጣ፣ ክፍሉም ይከፈት። ነገር ግን መላ ሳይኖረው ኮምፒዩተር የያዘ ልጅ፣ ልጓም በሌለው ፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው።

ይህ ዕውቀት ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። በቀድሞው ችሎት ተሟጋቹ ቆሞ «ተጠየቅ!» ይል የነበረው፣ ምስክሩም «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?» የሚባለው ለጨዋታ አልነበረም፤ የተነገረ ሁሉ እውነት አለመሆኑን ሕዝቡ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ግን ይህን የሙግት ጥበብ ከችሎቱ አደባባይ ትተነው መጣን፤ ልጆቻችንንም ገልብጦ መጻፍ ብቻ አስተማርናቸው።

ይህን ሙግት ወደ 7ኛ ክፍል ማስገባት ምን ይከለክላል? አስተማሪው በዚያ ሳምንት በመንደሩ በስልክ የተሠራጨውን አንድ ወሬ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ተማሪዎቹ ከሁለት ተከፍለው ይሟገቱ። ይህን የተናገረ ማን ነው? ስም አለው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? መቼ የሆነ ነው? ፎቶግራፉ የዚህ ሳምንት ነው ወይስ ከዛሬ 5 ዓመት በፊት በሌላ አገር የተነሣ? እኔ ይህን በማመኔ ማን ይጠቀማል? ሌላ ምስክርስ አለ? 15 ሰው አስተላለፈው ሲባል 15 ምስክር ነው ወይስ የአንድ ሰው ቃል 15 ጊዜ መደገሙ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ የገባችው ልጅ በሕይወቷ ሙሉ የሚጠቅማትን ነገር ይዛለች።

ነገሩ ከቀድሞው የከፋ መሆኑንም ልንነግራቸው ይገባል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው መሣሪያ ያልተነገረን ንግግር በታወቀ ሰው ድምፅ ማሰማት፣ ያልተደረገንም ነገር በሥዕል ማሳየት ይቻላል። ቻትጂፒቲን የመሰሉት ደግሞ የጠየቋቸውን ሁሉ በተስተካከለ ቋንቋ ይመልሳሉ፤ ሲሳሳቱም አነጋገራቸው ያው ነው፣ አያፍሩም። ስለዚህ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ምስክርነት እንኳ እንደ ጥንቱ አይበቃም። በ2012 ዓ. ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። አዋጁ ሐሰት የሚያሠራጨውን ይቀጣል። ሐሰትን ከእውነት ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ግን በአዋጅ አይፈጠርም፤ በአስተማሪ ነው እንጂ።

«ይህማ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የት ገባ?» የሚለኝ ይኖራል። ኮምፒዩተሩም ቢሆን ያለ ኮምፒዩተር ሊጀመር ይችላል። በኒው ዚላንድ ቲም ቤል የተባሉ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ይህን አሠራር በመጽሐፍ አውጥተው በብዙ አገር ታውቋል። እኔም በዚያው ክረምት ለጎረቤታችን ልጅና ለ4 ጓደኞቹ ሞከርሁት። ከአሮጌ ካርቶን አምስት ሰሌዳ ቈርጬ በአንደኛው 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8፣ በአምስተኛው 16 ነጥብ አደረግሁ። አምስቱ ልጆች አንድ አንድ ይዘው ተሰለፉ። ሰሌዳውን ፊት ለፊት ያሳየ ይቈጠራል፣ ያዞረ አይቈጠርም። 5 ለማድረግ የ4 እና የ1 ባለቤቶች ብቻ ያሳያሉ። እንዲህ እያሉ ከባዶ ጀምረው እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ሠሩ። ስልካቸው ከውስጡ የሚያውቀው ይህንኑ ሁለት ነገር፣ የበራና የጠፋ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ፣ «ታዲያ ፊደሉም ቁጥር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዎን፣ ፊደሉም ቁጥር ነው። የእኛ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ስለ ተሰጠው ለ 4616 ላይ ይጀምራል። «እንግዲያው ሐ ስንት ይሆናል?» ብላቸው፣ ሁለቱ ከእኔ ቀድመው 4624 አሉ። ማስገቢያ መሣሪያና ማውጫ መሣሪያ ሲገለብጡ የከረሙት ልጆች እነዚህ ናቸው። አእምሮው አላቸው፤ የጐደለው የሚነግራቸው ሰው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ፊደላችን አንድ ቃል ልጨምር። ልጆቹ በስልክ ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ «ቁልፉ አይበቃም፣ ያስቸግራል» ይላሉ። አያስቸግርም፤ መጀመሪያ ዘሩን፣ ቀጥሎ ድምፁን መንካት ነው፤ የአንድ ሳምንት ልምምድ ይበቃል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ደካሞች ስለነበሩ ነውን? በራሱ ፊደል መጻፍ የማይችል ልጅ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ዕውቀት ሊጨምር አይችልም፤ የሌላውን ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንዳንድ ጓደኛ፣ «መቀመጫ በሌለበት፣ ልጁ ቁርስ ሳይበላ በሚመጣበት፣ በጦርነት የፈረሰ ተማሪ ቤት ባልተጠገነበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» ይላል። መቀመጫውም፣ ቁርሱም፣ ጥገናውም ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የእኔ አሳብ ከመቀመጫው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይወስድም። ደግሞም የበጋቸውን ዋጋ በአንድ የስልክ ጥሪ የተዘረፉት ሀብታሞች አይደሉም። በእነዚህ ዓመታት በስልክ በተሠራጨ ሐሰት ጎረቤት ከጎረቤቱ የተጋጨውም በመጀመሪያ በድኻው መንደር ነው። ሌላው ደግሞ፣ «አስተማሪው በአንድ ክፍል ውስጥ የታጨቀ ተማሪ ይዞ፣ ደመወዙ ወሩን ሳያደርሰው፣ ሌላ ሸክም ለምን ይጫንበታል?» ይላል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እኛ ነን።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ሳንመረምር አስተማሪ ነን ብንል ያሳፍራል። በመጋቢት 2016 ዓ. ም. የአንድ ትልቅ ባንክ አሠራር ለጥቂት ሰዓታት በተበላሸ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሆነውን እናስታውሳለን። «ገንዘብ ይሰጣል» የሚል ወሬ በየመኝታ ቤቱ በስልክ ዞረ፤ በእኩለ ሌሊት በገንዘብ መክፈያው መኪና ፊት ሰልፍ ተሠራ። ከሒሳቡ በላይ ያወጣው ተማሪ ቀላል አልነበረም። ከዚያ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አወጣ። የሥነ ምግባሩን ነገር ለጊዜው እንተወው። እያንዳንዷ ብር ከማን ሒሳብ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣች የምትመዘገብ መሆኗን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዴት አጣው? እኛም በ7ኛ ክፍል አልተነገረንም ነበር። ልዩነቱ እኛ ዐዋቂ ተብለን መቈጠራችን ብቻ ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ይህ ጥሩ ነው፤ የፈተና ወረቀት ሰረቃን ያስቀራል። በግንቦት 2008 ዓ. ም. ፈተናው ወጥቶ በመሰረዙ ስንቱ ተማሪ እንደ ተንገላታ ይታወሳል። ዳሩ ግን በከተማ የግል ተማሪ ቤት ከሕፃንነቱ ማውዝ ይዞ ያደገው ልጅና የማውዝ ሥዕል ብቻ የሠራው ልጅ በአንድ ሰዓት ቢፈተኑ፣ የሚመዘነው የፊዚክስ ዕውቀታቸው ነው ወይስ የአባታቸው ኪስ?

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን እንዲመክርበት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ 4 ትምህርት ብቻ የያዘች አነስተኛ መጽሐፍ እናዘጋጅ። የመጀመሪያው ወሬን መመርመር፣ ሁለተኛው የምስጢር ቁጥርንና በስልክ የሚመጣን ማታለያ ማወቅ፣ ሦስተኛው የካርቶኑ ቁጥር፣ አራተኛው በራስ ፊደል መጻፍ ይሁን። ይህችን መጽሔት በምናባዛበት ማባዣ ልትባዛ ትችላለች። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ማስተማር ከቻለ፣ እኛ ለ4 ትምህርት የምንሰንፍበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ በክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በተማርንበት ተማሪ ቤት 10 ሰዓት እናስተምር። የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ዛሬም አለ፤ ችግኝ እንተክላለን፣ ቤት እንጠግናለን፤ ይህን ብንጨምርበት አይከብድም። በ1957 ዓ. ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። ያጕረመረሙ ነበሩ፤ ቢሆንም አገሩን አውቆ የተመለሰው ብዙ ነው። እኛ የምንጠየቀው 10 ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ አስተማሪውን አንቅደመው። እኛ ከ2 ሳምንት በኋላ እንመለሳለን፤ የሚቀረው እርሱ ነው። አብረን አስተምረን፣ መጽሐፏን ለእርሱ ትተን፣ በዓመቱ መካከል በደብዳቤም በስልክም እንጠይቀው። በፕላዝማው ጊዜ የተሠራው ስሕተት አስተማሪውን ከመድረኩ ማውረዱ ነበር፤ እኛም ደግመን አንሥራው።

አራተኛ፣ የተቈለፈውን ክፍል እናስከፍት። በብዙ ቦታ ኮምፒዩተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው የተቀመጡት በክፋት አይደለም፤ ቢበላሹ ተጠያቂ እሆናለሁ ተብሎ በመፍራት ነው። ከመካከላችን ምሕንድስናና ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩት ሄደው «እኛ እንጠግናለን» ቢሉ ቁልፉ ከኪስ ይወጣል። ሳይነካ ያረጀ መሣሪያ ለማንም አልጠቀመም።

የጎረቤታችንን ልጅ ክረምቱ ሳያልቅ እንደገና አግኝቼው ነበር። የእናቱን ስልክ ይዤ፣ «እኔ ሌባ ነኝ እንበል፤ ደውዬልሃለሁ፤ ምን ትላለህ?» አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ስምህ ማን ነው? ከየት ነው የምትደውለው? ዕጣውን መቼ ቈረጥን?» አለኝ። ሦስት ጥያቄ ነው። ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። ስልኩንም ወስዶ የእናቱን መልእክት ያነብላቸው ጀመር።

ይህን ለማስተማር የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሺሕ ተማሪ አለን? በየመንደሩስ ስንት «አልተነገረው» የሚባል ልጅ አለ? በአሳቡ የምትስማሙ ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ የማትስማሙም ተቃውሟችሁን በሚቀጥለው እትም ጻፉ። ዝም ማለት ግን ለሁላችንም አይገባም።

ከአንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ